ጓድ ተሰማ ያላነበበው ወረቀት

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 25 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? የተዛወርሽበት የጊምቢ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽን ያምሽ የነበረውስ ተሻለሽ? እኛ እዚህ ከጣሪያው ፍሳሽና ከአንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንንም። ልጆችሽ ይበላሉ፣ ያድጋሉ፣ ጫማ ይጨርሳሉ።

ሰላምታዬን ካደረስኩ ዘንዳ ወደ አቤቱታዬ ልግባ። ባለፈው በላክሽው ደብዳቤ ውስጥ «ሰላም» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ጽፈሻል፤ አራቱንም ጊዜ በንጉሡ ሠ። ምን በደልንሽ? ንጉሡ ከወረደ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንቺ ግን ዛሬም በየመስመሩ ዙፋን ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ሰላም የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው። ስንት ዓመት ተምረሽ ጤና ረዳት የሆንሽ ሴት፣ የትምህርት ቤት ደጅ ባልረገጠ አናጺ ስትታረሚ አታፍሪም? ለነገሩ ስህተቱን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። ያገኘችው ልጅሽ እንዳለች ናት። ሰባት ዓመቷ! ደብዳቤሽን ከእጄ ነጥቃ፣ ጣቷን እያስኬደች አንብባ ጨረሰችና «አጎቴ፣ እማዬ ሰላምን በማይሆን ሰ ጻፈችው» አለችኝ። እንግዲህ የምነግርሽ ወሬ ከዚህ ይጀምራል።

ይህ ደብዳቤ በፖስታ አይመጣም። የጎረቤታችን ሙሐመድ በጭነት መኪናው ወደ እናንተ ነገ ስለሚነሣ በእጁ ያደርስልሻል። ስለዚህ እንደ አፌ ነው የምጽፈው። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጣይው።

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ከፍተኛው ለየቀበሌው ትእዛዝ አወረደ፤ ሕፃናት በክረምቱ ንባብ እንዳይረሱ ቀበሌው ሰብስቦ ያስነብብ፣ በነሐሴ መጨረሻም ልጆቹ ምን እንደደረሱ ሰው ልከን እናያለን የሚል። ሥራው የወደቀው በሊቀመንበራችን በጓድ ተሰማ ላይ ነበር። አዎ፣ ያው ባልሽን ጋሻውን ከቤቱ አውጥቶ የወሰደው ጓድ ተሰማ።

የእሱ ንባብ እንዲህ ነበር። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች አዳራሽ ውስጥ በአግዳሚ ላይ ይደረደራሉ። ጸሐፊው ፉፋ ከጋዜጣ አንድ መስመር ያነባል፣ ልጆቹ ተከትለው ይጮኻሉ። ጓድ ተሰማ ዘንግ ይዞ ይመላለሳል። በሁለተኛው ሳምንት ፉፋ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ሄደ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ያለ ጋዜጣ፣ ጓድ ተሰማ በቃሉ የሚያውቀውን መፈክር ብቻ እየተቀበሉ ይጮኹ ጀመር። ሠላሳው ወደ አምስት ወረደ፤ ከአምስቱም ሁለቱ የሚመጡት ዝናብ ለመጠለል ነበር። ልጅሽ ፍሰሐ አንድ ቀን ተቆጥቶ መጣና «አጎቴ፣ ንባብ ማለት እንዲህ ከሆነ እኔ በበኩሌ በቃኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሞክሬዋለሁ» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ከእናቱ ሆድ ጀምሮ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ቆቤን በእጄ ይዤ ቀበሌ ሄድኩና «ልጆቹን ለእኔ ይስጡኝ ጓድ» አልኩ።

«ለአንተ? አንተ አናጺ የየት ትምህርት ቤት ምሩቅ ሆነህ ነው?» አለኝ።

«የመጋዝ ዱቄት» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ዓመት ከመንፈቅ ስጠብቅ የኖርኩትን ቀን እሱ ራሱ በሳቅ አነሣና ሰጠኝ። እህቴ፣ አልዋሽሽም፤ ለልጆቹ ብዬ አይደለም የሄድኩት። ለአንድ ሰው ብዬ ነው። የልጆቹ ማንበብ ምርቃት ነው።

ለምን እንደሆነ እንዲገባሽ እስከዛሬ ያልነገርኩሽን ነገር ልንገርሽ።

ጋሻው የተያዘ ዕለት አንቺ ሐኪም ቤት ተረኛ ነበርሽ። እኔ የጓዳውን በር ላቃና መጥቼ ነበር። ጓድ ተሰማ ከሁለት ጥበቃዎች ጋር ገባና ቤቱን አገላበጡት። ከፍሰሐ ጫማ ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወደቀች፣ በደማቅ ቀይ የተጻፈች። ጓድ ተሰማ አነሣት። አልጋሽ ላይ ተቀመጠና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ፣ ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ እየመለሰ ብዙ ቆየ። ከዚያ «ይኸው! ጸረ አብዮት ወረቀት! በዓይኔ አነበብኩት!» ብሎ ተነሣ። ለአንቺም የተነገረሽ ይኸው ነው።

ወረቀቷ እንዲህ ነበር የምትለው፦ «ከአልጋው ሥር ተደብቋል። ፈልጉ። ለእናታችሁ ግን እንዳትነግሩ።»

ከአልጋው ሥር በክብሪት ቤት ውስጥ አራት ከረሜላ ነበር። የፍሰሐ ጥርስ ተበላ ብለሽ ከረሜላ የከለከልሽበት ጊዜ ነበርና ጨዋታውን ከአንቺ ደብቀን ነበር የምንጫወተው። ልጆቹ ወረቀት ይፈልጋሉ፣ ያነባሉ፣ ወረቀቱ ወደ ሌላ ወረቀት ይመራቸዋል፣ በመጨረሻ ጣፋጭ ያገኛሉ። እንዳለች ፊደል የለየችው በአምስት ዓመቷ በዚህ ነው እንጂ አንቺ እንደምታስቢው በአያቷ ጸሎት አይደለም።

እስቲ ፍረጂ። ያንን ወረቀት በእውነት ያነበበ ሰው፣ ያውም አሰሳ የወጣ ሰው፣ ምን ያደርጋል? ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር ያያል። እሱ ግን እላዩ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ከከረሜላው በላይ አንጠልጥሎ «አነበብኩት» አለ። እኔና ጋሻው ተያየን። ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን፤ ሰውዬው ፊደል አይለይም።

ጋሻው «ጓድ፣ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ወረቀቷ እንደምትለው...» ብሎ ሲጀምር «ያነበብኩትን ወረቀት ልታነብልኝ ነው?» ብሎ ጮኸበት፤ አንዱ ጥበቃም በሰደፍ ትከሻውን መታው። ከዚያ «ማነው የጻፈው?» ሲል ጠየቀ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንዶች ነበርን። ጋሻው «እኔ ነኝ» አለ።

በየደብዳቤሽ «ለምን እኔ ነኝ አለ? እሱ እኮ እንኳን በቀይ በሰማያዊም መጻፍ የሚሰለቸው ሰው ነው» እያልሽ ትጠይቂኛለሽ። መልስ አልሰጠሁሽም። ከጆሮዬ በላይ የምሰካውን ወፍራሙን ቀይ የአናጺ እርሳስ ታስታውሺው የለ? ከዚያ ቀን ወዲህ እንጨት የማሰምረው በሚስማር ጫፍ ነው።

ወረቀቷ የት እንደገባች አይታወቅም። ከፍተኛው ያለው መዝገብ ውስጥ የቀረው «ሊቀመንበሩ በዓይኔ አንብቤዋለሁ ሲሉ መስክረዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄ አመለከትኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ሊቀመንበሩ አንብበውታል እኮ» ብለው መለሱኝ። እንግዲህ ይህ ሰው ማንበብ የሚችል እስከመሰለ ድረስ ጋሻው አይፈታም። ለልጆቹ የክረምት ንባብ ቆቤን አውልቄ የለመንኩት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ አግዳሚዎቹን ከአዳራሹ አወጣሁ። «ተቀምጦ የሚያነብ ዳኛ ብቻ ነው፤ እናንተ እየሮጣችሁ ነው የምታነቡት» አልኳቸው። አብነት ሰፈር ካለው ሱቄ የእንጨት ፍቅፋቂ እያመጣሁ በእያንዳንዱ ላይ ፊደል ጻፍኩ፤ ፊደል የያዙ ልጆች እየተሯሯጡ እየተሰለፉ ቃል ይሆናሉ። አንድ ቀን «ልብ» የሆኑት ሁለት ልጆች ቦታ ተለዋውጠው ሊጣሉ ሲደርሱ «ብል» ሆነው ተገኙና እንደ ኳስ ሜዳ ተጨበጨበላቸው። አንድ ቀን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች እስከ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ያለውን የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት እያነበብን ወጣን፤ ባለ ፀጉር ቤቱ ስሙን ተገልብጦ ሲሰማ ስድብ መስሎት መቀስ ይዞ ወጣ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቆርቆሮው ስለሚያደነቁር ማንም አይሰማም፤ ያን ጊዜ በወረቀት ብቻ ነው የምናወራው። ፍሰሐ «ራበኝ» ብሎ ጻፈልኝ። «እኔንም» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በረዶው እስኪያባራ ድረስ ወረቀት እየተወራወርን ተጨቃጨቅን።

የቀሩት ልጆች ወሬ ሰምተው ሲመለሱ የቀድሞውንም ጨዋታ መለስኩት። ወይዘሮ ጠጅቱን ታውቂያቸዋለሽ፣ አጥራችንን ተደግፈው የሚኖሩትን። በራቸው ላይ «እትዬ ጠጅቱን ጤና ይስጥልኝ በሏቸውና የዶሮዋን ስም ጠይቁ» የሚል ወረቀት ሰካሁ። ሠላሳ ልጅ በተራ እየመጣ የዶሮ ስም ሲጠይቃቸው «አንተ ልክስክስ አናጺ፣ ለዶሮ ስም የሚያወጣው በየትኛው አገር ነው? እነዚህን ወፈፌዎች ከደጄ አንሣልኝ!» ብለው በወንፊት አባረሩኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ዶሮዋ ስም ወጣላት። አሁን «ጓዲት» ትባላለች። ለማንም አትንገሪ።

በነሐሴ አጋማሽ ሠላሳው ልጅ አርባ ሦስት ሆነ። ጓድ ተሰማ በኩራት ሊያብጥ ደረሰ። በየስብሰባው «በእኔ አመራር» ይላል። እኔም «በእርስዎ አመራር ጓድ» እላለሁ። አንድ ወንበር ሠርቼ ሰጠሁት፤ መደገፊያው ከፍ ያለ፣ ክንዱ የተጠረበ፣ ከከፍተኛው ሰው ለሚመጣበት ዕለት የሚቀመጥበት። እጄ ላይ ተንጠልጥሎ አመሰገነኝ። እያንዳንዷን ሚስማር ስመታ ማንን እያሰብኩ እንደመታሁ ቢያውቅ ኖሮ አይቀመጥበትም ነበር።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ከከፍተኛው አንድ ሰው ማስታወሻ ደብተር ይዞ መጣ፤ ቀጠን ያለ፣ ብዙ የማይናገር። አዳራሹ ወላጅ በወላጅ ሆነ። ልጆቹ የፊደሉን ሩጫ ሮጡ፣ ያነበቡትን በትርኢት አሳዩ፣ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ጨዋታችንን አወጣሁ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከቆርቆሮው አንድ ወረቀት ታወጣለህ፣ በልብህ ታነባለህ፣ ያዘዘህን ታደርጋለህ። ከዚያ ሰው ሁሉ ምን ተጽፎ እንደነበር ይገምታል። ሁለት ልጆች ተጫወቱ። ከከፍተኛው የመጣው ሰው አንድ አወጣና ፈገግ ብሎ በአንድ እግሩ ቆመ፤ ልጆቹ በጩኸት ቤቱን አነሡት። እሱ ከቆመ ሊቀመንበሩ እንዴት ይቀራል? ቆርቆሮውን ለጓድ ተሰማ አቀረብኩለት። በዚያን ጊዜ ቆርቆሮው ውስጥ የቀሩት ሰባት ወረቀቶች ነበሩ፤ ሰባቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው።

አወጣ። እንደዚያን ቀን ወደ ብርሃኑ አዘነበለው። ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ መለሰ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር!» አለ። ወላጆች አጨበጨቡ። ልጆቹ ግን አላጨበጨቡም። ሕግ ያውቃሉ። «አላደረጉም! አላደረጉም!» ብለው ጮኹ።

እንዳለች ተነሥታ ሄደች። እኔ አላዘዝኳትም፤ በእናቴ አጥንት። አጠገቡ ቆመችና «ጓድ ሊቀመንበር፣ አያነቡትም እንዴ?» አለችው። ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች፣ ጣቷን አስኬደች፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ «ወን... በር... ህን... ልቀቅ» ብላ አነበበች። ቀጥላም «ለጎረቤትህም ስጥ» የሚለውን ጨመረች፤ ግን ያንን የሰማው የለም። ሊቀመንበሩን ወንበርህን ልቀቅ ያለ ሰው በዚህ ሰፈር አልነበረማ! ከኋላ ወይዘሮ ጠጅቱ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ሲጠቀጥቁ ሰማሁ፤ ነጠላው ግን አልበቃቸውም።

ከከፍተኛው የመጣው ሰው አልሳቀም። ተራምዶ ከቆርቆሮው ሌላ ወረቀት አወጣና ለጓድ ተሰማ ሰጠው። «ይህንንስ?» አለው።

«መነጽሬን ረስቼ ነው ጓድ።»

«መነጽር የላቸውም እኮ» አለች እንዳለች። የልጅ ነገር፣ ለማገዝ ብላ ነው።

ያን ጊዜ አዳራሹ ፈነዳ። እህቴ፣ የዚያን ሰው ፊት አየሁት። ላቡ ከግንባሩ ወደ አፍንጫው ሲወርድ፣ የሠራሁለትን ወንበር ክንድ አጥብቆ ሲይዝ አየሁ። ልዘንለት ይገባኝ ነበር? አላዘንኩም። ጣፈጠኝ። የዓመት ከመንፈቅ ጥማት በአንድ ጉንጭ ሲረካ እንዲያ ነው የሚጣፍጠው። ወደ ቤት ስንመለስ እንዳለች «አጎቴ፣ ለምንድነው የሳቁባቸው? እኔ ተሳስቼ አነበብኩ እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ብቻ ጣዕሙ ከአፌ ጠፋ። «ልክ ነው ያነበብሽው» አልኳት።

ሰው ሲበተን ያ ቀጭን ሰው ጥግ ይዞኝ ቆመና «ወረቀቶቹን የጻፈው ማነው?» አለኝ።

በዚህኛው ጊዜ ምላሴ አልተያዘም። «እኔ ነኝ» አልኩ። የጋሻውንም ነገር፣ የአልጋውን፣ የከረሜላውን፣ «በዓይኔ አነበብኩት» የሚለውን ቃል ሁሉ ነገርኩት። ጻፈ። ደብተሩን አጥፎ ወደ ጓድ ተሰማ ሄደና «ሐሙስ እመለሳለሁ። ወደ ቀበሌው የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ይቀርብልኛል» ብሎት ወጣ።

ይኸው ዛሬ ሰኞ ነው። እስካሁን የመጣብኝ ሰው የለም። የሰፈሩ ሰው ግን ሲያየኝ መንገድ ይለውጣል። ወይዘሮ ጠጅቱ ትናንት መጥተው «ለማንኛውም ወፍራም ብርድ ልብስህን አጥበህ አዘጋጅ» አሉኝ፤ ቀልዳቸውን አይደለም። ምናልባት እኔን ከወሰዱኝ ልጆቹ እሳቸው ዘንድ ይገባሉ፤ ተነጋግረናል። ምናልባትም ይህን ደብዳቤ የምታነቢው እኔ ከጋሻው ጎን ተኝቼ...

በር ተንኳኳ። ቆይ።

እህቴ፣ ይኸው ተመለስኩ። የመጣው ጓድ ተሰማ ነው። ብቻውን። ጥበቃ የለ፣ ሽጉጥ የለ። ዝናቡ ከላይ እስከ ታች አርሶታል፤ በካፖርቱ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ በሩ ላይ ቆመ። እስከዛሬ «አንተ አናጺ» ይለኝ የነበረው ሰው ዛሬ «ጋሼ፣ ልግባ?» አለኝ።

አስገባሁት። ልጆቹ የሚቀመጡባትን ድንክ በርጩማ ሰጠሁት፤ ሌላ ወንበር አጥቼ አይደለም። ላስቲኩን ፈታ። አሥራ አራት ደብዳቤዎች። ፉፋ ከሄደ ጀምሮ ከከፍተኛው የመጡ ናቸው፤ ተቀብሎ ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ሲከት ኖሯል። «ሐሙስ ሰውዬው ይመጣል። ለሌላ ሰው ባስነብብ አደባባይ ይወጣል። አንተ ግን ታውቀዋለህ፤ ከአንተ የምደብቀው የለኝም» አለኝ። መሬት መሬት እያየ ነው ያለኝ።

አንዱን አነበብኩለት፤ ስለ ስኳር ነው። ሁለተኛው ስለ ሰልፍ። ሦስተኛው ሰኔ 28 ቀን የተጻፈ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩና መሐል ላይ ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ለብቻዬ ጨረስኩት። «ጋሻው ... በተባለው እስረኛ ላይ በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ፣ ቀበሌው ነዋሪነቱን አረጋግጦና ማኅተም አድርጎ መልስ እንደላከ ይለቀቃል» ይላል።

«ምን ይላል?» አለኝ።

ነገርኩት።

ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ። «ሁለት ወር ሙሉ» አለ። «ሁለት ወር ሙሉ በላዩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ሳስቀምጥበት ኖርኩ።» የብርጭቆው ክብ እውነትም ወረቀቱ ላይ አለ። እንዳለች ብታየው «ዐ» ናት ትል ነበር።

ማርኩት እንዳይመስልሽ። የቀሩትን አሥራ አንዱን ደብዳቤዎች ሳልገልጥ በላስቲኩ ጠቅልዬ ጭኑ ላይ መልሼለታለሁ። ሐሙስ ለቀጭኑ ሰው ራሱ ያንብብለት። ማኅተሙን ግን ከኪሱ አስወጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። የጋሻውን መልስ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ማኅተምም አስመትቼበታለሁ። ቀለሙ እስኪደርቅ ይኸው ላንቺ እጽፋለሁ። እሱ በርጩማዋ ላይ ኩምትር ብሎ እጄን ያየኛል። አሁን «ጋሼ፣ መልሱ ይህን ያህል ረጅም ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ ብዙ ጊዜ የተጠየቅሁት ነገር ነው» አልኩት።

ከእሱ ጋር አብሬ እስከ ከፍተኛው እሄዳለሁ፤ ወረቀቷን ለብቻው አላምነውም። አንቺ ከመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ ጠይቂና ሙሐመድ ሲመለስ አብረሽው ነይ። ጋሻውን በመሐላችን እናስቀምጠዋለን። ያን ጊዜ ለምን «እኔ ነኝ» እንዳለ የጠየቅሽኝን በአፌ እነግርሻለሁ። እሱ ያውቀዋል፤ ያወቀ ዕለት ነው ዝም ያለልኝ። ከሰማሽ በኋላ እጄን ትጨብጪው እንደሆነ አላውቅም። ብትነፍጊኝ አልቀየምሽም።

የልደታ እናት መንገድሽን ታቅናልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ፤ የናፈቅሽውን በደህና ታሳይሽ።

ወንድምሽ፣ የልጆችሽ አጎት